ደመና የሚሸሽ ሰው

ሐምሌ ሲገባ ጅግጅጋ ሁለት እንግዳ ትጠብቃለች፤ ከረን የሚባለውን ዝናብና ቁርባጆግን። ዝናቡ የሚመጣው ደስ ሲለው ነው። ቁርባጆግ የምንለው ባሕር ማዶ የሚኖረው ዘመድ ግን የልጆቹ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ሻንጣውን እየጎተተ ከች ይላል። በዚህ ሰሞን የሆቴል አልጋ ይወደዳል፣ የሠርግ አዳራሽ አይገኝም፣ ባለባጃጁም የተሳፋሪውን ጫማ አይቶ ሂሳብ ይጠራል።

ከዘንድሮዎቹ እንግዶች አንዱ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ኦስሎ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። እዚህ ሳለ ወደ ሰማይ ቀና ያለው ዲሽ ሲያስተካክል ብቻ ነበር፤ አሁን የሰማይ ሰው ሆኖ መጥቷል። በመጣ በሁለተኛው ምሽት አጎቱ ቤት ፍራሽ ላይ ተደግፈን፣ በግመል ወተት የተፈላ ሻይ እየጠጣን ስልኩን አወጣና «የሰሜን ብርሃን ታውቃላችሁ? አውሮራ?» አለ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። በጥቁር ሰማይ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተዘርግቷል፤ ከሥሩ የተጠቀለለ ፍራሽ የሚያክል ልብስ የለበሰ ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮ ቆሟል። ሰውየው ራሱ ጓደኛዬ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ላገኘው ብርሃን ጀርባውን ሰጥቶታል።

ስልኩ አዴር ዘንድ ደረሰ። አዴር በሶማልኛ የአባት ወንድም ማለት ነው። ቋንቋው ለጋስ ነውና አጎትየውም የወንድሙን ልጅ መልሶ «አዴር» ይለዋል፤ ታላቁን ከታናሹ ለመለየት ድምፃቸውን መስማት ግድ ይላል። ሽማግሌው በአውበሬ በኩል ግመልና ፍየል አላቸው። ስልኩን ክንዳቸው እስከቻለ አርቀው ይዘው ብዙ አዩት።

«ታዲያ ዝናቡ የት ወረደ?» አሉ።

እኛ ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። አርብቶ አደር በሌሊት ሰማይ ላይ ብርሃን ካየ የሩቅ መብረቅ ነው፤ መብረቅ ካለ ዝናብ አለ፣ ዝናብ ካለ ሣር ይበቅላል። ስለዚህ «ሳሐን» ይላካል፤ ቀድሞ ሄዶ ውሃውንና ግጦሹን አይቶ የሚመለስ ሰው። አዴር በጉብዝናቸው ዘመን ስንቴ ሳሐን ወጥተዋል። ብርሃን ተከትሎ ሌሊቱን ሙሉ መሄድ ለእሳቸው እብደት አይደለም፤ እብደት የሆነባቸው ባዶ እጁን መመለሱ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአፍሪካ ቀንድ አምስት የዝናብ ወቅት ተከታትሎ የከሸፈበትን ጊዜ ያየ ሰው ሰማይ ላይ ያለን ነገር «ያምራል» ብሎ ብቻ አያልፈውም።

«ዝናብ የለውም፣ አዴር። እንዲያውም ደመና ካለ አይታይም» አለ ጓደኛዬ።

«ደመና ካለ አይታይም?»

«አዎ። ደመና ሸሽተን ነው ያየነው።»

ሽማግሌው የሻይ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። በሕይወታቸው ደመና የሚሸሽ ሰው ሲያጋጥማቸው የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ ምርመራው ተጀመረ። አዴር በሄር፣ ማለትም በሶማሌ ባህላዊ ዳኝነት፣ ብዙ ነገር ሲፈቱ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ ያውቁበታል። የት ነው? ትሮምሶ። ኦስሎ ራሷ ሰሜን አይደለችም ወይ? ናት፣ ግን ከዚያም በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ላይ ይኬዳል። መቼ ነው? ታኅሣሥ ላይ። በዚያ ወቅት ትሮምሶ ፀሐይ ከአድማስ ብቅ ሳትል ሳምንታት ያልፋሉ። እዚህ ላይ አዴር አቋረጡት።

«ፀሐይ ካልወጣች ሱብሂ መቼ ይሰገዳል?»

«የመካን ሰዓት የሚከተሉ አሉ።»

«ታዲያ እዚያው መካ ብትሄድ ምን ነበረበት? በዚያ ገንዘብ ዑምራ አይደርስም ነበር?»

ጓደኛዬ መልስ አልነበረውም፤ ወደ ሳይንሱ ሸሸ። ፀሐይ የምትተፋው ብናኝ በአንድና በሁለት፣ ሲዘገይም በሦስት ቀን ምድር ይደርሳል፤ የምድር መግነጢስ አቅጣጫ አስይዞ ወደ ዋልታዎቹ ይነዳዋል፤ እዚያ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ከኦክስጅን ጋር ሲጋጭ አረንጓዴ ይሆናል፣ ከሁለት መቶ ሲያልፍ ደግሞ ቀይ። ደህና አድርጎ አስረዳ። አዴር ግን ልባቸው ደመናው ላይ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሦስት ሌሊት ከፍሏል። በመጀመሪያው ሌሊት ደመና፣ በሁለተኛው ደመና ከበረዶ ጋር። በሦስተኛው አስጎብኚው፣ ስልኩ ላይ የሳተላይት የደመና ካርታ እያየ የሚያጉረመርም ሰው፣ ሚኒባሱን ወደ ፊንላንድ ድንበር ነዳው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች አሥራ አምስት ነው። ብርዱ የስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ጓደኛዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኩን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ እንደ ጫጩት ሲያሞቅ ቆየ። ሌላ ስልክ ደግሞ ኬፒ የሚሉትን ቁጥር ይነግረዋል፤ ከ0 እስከ 9 የሚደርስ የመግነጢስ ማዕበል መለኪያ ነው። ጫት ሳይቅም በምርቃና እንደ ተያዘ ሰው ዓይኑን ቁጥሩ ላይ ተክሎ አመሸ።

«ከዚያስ መጣ?» አልኩት።

«መጣ።»

«ምን ይመስላል?»

እዚህ ላይ ጓደኛዬ፣ እግዜር ይስጠው፣ አልዋሸም። ጢሙን አሻሸና «መጀመሪያ ደመና መስሎኝ ነበር» አለ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁለት ሌሊት ሙሉ ከደመና ሲሸሽ የከረመ ሰው በመጨረሻ ያገኘው ደመና የሚመስል ነገር ሆነ። ነጣ ያለ፣ እንደ ማገዶ ጭስ የተጋደመ። አስጎብኚው «ስልካችሁን አውጡ!» ሲል ሁሉም አወጣ፤ ስልኩ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ታየ። ምሥጢሩ የዓይናችን ድህነት ነው። በጨለማ የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም አይለዩም፤ ካሜራው ግን ለሦስት፣ ለአምስት፣ ለአሥር ሰከንድ አፉን ከፍቶ ብርሃን ያጠራቅማል። ብርሃኑ ሲበረታ ዓይንም አረንጓዴውን ያያል። ያን ሌሊት ግን አልበረታም።

አዴር ፍርዳቸውን ሰጡ። «ዓይንህ ያየው ሌላ፣ ስልክህ ያየው ሌላ። እዚያ የነበረው ስልክህ ነው፤ አንተ አድራሽ ነህ።»

ጓደኛዬን የበለጠ የሚያበግነው የእህቱ ነገር ነው። እህቱ ሚኒያፖሊስ ትኖራለች፤ የበረዶ መንሸራተቻም የሰማይ ካርታም የላትም። ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ማታ፣ ከ20 ዓመት በላይ ያልታየ ከባድ የፀሐይ ማዕበል ምድርን ሲመታ፣ መኪናዋ ውስጥ የረሳችውን አስቤዛ ልታወጣ በነጠላ ጫማ ወደ ፓርኪንጉ ወረደች። ሰማዩ ቀይና አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃት። ያን ሌሊት ብርሃኑ እስከ ፍሎሪዳ ወርዶ ታይቷል። እሱ ኦስሎ፣ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ላይ ነበር። ትሮምሶም ቢሆን አያዋጣውም ነበር፤ ግንቦት ላይ እዚያ ሌሊቱ አይጨልምም። እህትየው ሽንኩርቷን ታቅፋ ትንሽ አየችና ብርድ ስለያዛት ገባች። ፎቶ አላነሳችም። እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም።

ይህን ሁሉ ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ የአዴር የልጅ ልጅ ነበር። ጎረምሳው ምንም አልተናገረም፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ በአንድ አፕ ያንኑ አረንጓዴ መጋረጃ ካራማራ ተራራ ላይ ሰቅሎ «ትናንት ማታ፣ ጅግጅጋ» ብሎ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። የኖርዌዩ ፎቶ በዓመት ያላገኘውን ላይክ በአንድ ሌሊት አገኘ። «ማሻአላህ» የሚለው በዛ። አንዱ ኮንትራት ባጃጅ እስከዚያ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። በማግስቱ ማታ አንድ ባጃጅ ሙሉ ሰው ብርሃኑን ሊያይ ካራማራን እያቃሰተ ወጣ። እኔም ውስጡ ነበርኩ። ለትዝብት ነው ብዬ ነበር የተሳፈርኩት፤ ልክ ከላይ ስንደርስ ግን ከሁሉ ቀድሜ አንገቴን ያንጋጠጥኩት እኔ ነኝ።

ማፈሬ የበዛው ነገሩን ስለማውቅ ነው። አውሮራ የማይታይበት ቦታ ምረጥ ቢባል ከጅግጅጋ የተሻለ አይገኝም። በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ዝነኛ የሆነው የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ ነው፤ በዚህ መስመር አካባቢ የመግነጢስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ጋደም ይላል። ጅግጅጋም ከዚያው መስመር አትርቅም። ከዋልታዎቹ እኩል የራቅን ነን ማለት ነው። ደግሞ ቀልዱ፣ አውሮራ በሚበራበት መቶ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከእኛም አናት በላይ በጠራራ ፀሐይ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል፤ አይበራም፣ አይታይም፣ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። መብራት በየማታው የሚሄድበት ሰፈር እላዩ ላይ እንዲህ ያለ ወንዝ እንዳለው ቢሰማ ምን እንደሚል እንጃ።

አንድ ጊዜ ግን ቀርቦን ነበር። አጼ ዮሐንስ አክሱም ላይ በነገሡበት በዚያው ወር፣ ጥር 1864 ዓ.ም.፣ ታላቅ የፀሐይ ማዕበል ተነሥቶ ብርሃኑ ካርቱምና ቦምቤይ ላይ ታየ፤ ከቦምቤይ ወደ ኤደን የተዘረጋው የባሕር ቴሌግራፍም ለሰዓታት ተቃወሰ። ካርቱም ከጅግጅጋ በስድስት ዲግሪ ብቻ ነው ወደ ሰሜን የምትርቀው። ኤደን ከባሕሩ ማዶ ነች። ትኬት ሳንቆርጥ ደጃችን ሊደርስ ምንም አልቀረው።

ደጃችን የደረሰውንስ ምን አደረግነው? ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ማለዳ ፀሐይ ላሊበላ ላይ የቀለበት ቅርጽ ይዛ ስትታይ በኮሮና ዘመን ሰው ተሰብስቦ አይቷል። ጅግጅጋ የደረሰን በከፊል የተገመጠችው ነበረች። ሰፈራችን የሆስፒታል ራጅ ፊልም ከየጓዳው አውጥቶ (ለዓይን አደገኛ ነው፣ ግን ማን ሰምቶ) በሰው ጎድን አጥንት መሃል ፀሐይን ሲፈልግ አረፈደ። በስልክ የተነሣው ሁሉ ደግሞ እንደ እንቁላል አስኳል ወጣ።

ጓደኛዬ ሊመለስ ሁለት ቀን ሲቀረው እንደገና አዴር ቤት ተሰበሰብን። ዝናቡ ዘግይቷል። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄደና ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን ተቀመጥን። ያኔ ነው በሰሜን ምሥራቅ በኩል፣ ከአድማሱ ሥር፣ ድምፅ የሌለው ብርሃን ብልጭ ያለው። እንደገና ብልጭ። አዴር ቀስ ብለው ተነሡ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆመው ዝም ብለው ያዩ ጀመር፤ በጣታቸው የሆነ ነገር ይቆጥራሉ።

ጓደኛዬ ስልኩን መዘዘ። ብልጭ ሲል ይጫናል፣ እስኪያነሣ ይጨልማል። ትራይፖዱን ከቤት አስመጣ። ሌሊት የሚያነሣውን ማስተካከያ ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። «ቆይ፣ ቆይ፣ አሁን» እያለ ሰማዩን ይለምናል። አርባ ያህል ፎቶ አነሣ፤ አርባውም ከሰል ነው። በአርባ አንደኛው ስልኩ ራሱ ጠፋ። የሚሰካበት መብራት የለም።

አዴር በዚህ መሃል ከሸሚዛቸው ኪስ ቁልፍ ያላትን ትንሿን ስልካቸውን አውጥተው ልጃቸው ዘንድ ደወሉ። ንግግሩ አጭር ነበር። «አውበሬን አልፎ ነው። ጠንካራ ነው። ነገ ሳሐን ይውጣ።» ዘጉት።

ጓደኛዬ ሊሄድ ተነሣ። በጨለማው ውስጥ በእግሩ መሬቱን ሲዳብስ ቆየ።

«ጫማዬ የት ሄደ?»

አዴር የስልካቸውን ባትሪ አበሩለት።

«ይኸው፣ አዴር።»