ስቱኮ ሚዛን ላይ ሲወጣ

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋራዥ በር ላይ ትንሽ የቆመ ሰው፣ መኪና የሚሠራው ከስቱኮ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም። ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ የተጋጨ ሚኒባስ ጎኑ ጎድጉዶ ይመጣል። ባትላሜራው በመዶሻ ላውጣው ቢል ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቅጥ መዋሉ ነው፤ በስቱኮ ከሆነ ግን ከምሳ በፊት ያልቃል። ባለቤቱም ቢሆን «መቼ ይደርሳል?» ብሎ ይጨቀጭቃል እንጂ ጉድጓዱ በምን እንደሚሞላ አይጠይቅም። «አብሽሩ ጋሼ! ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ ነው የማስረክብዎት።» ጋሼም ደስ ብሏቸው ቀብድ ይከፍላሉ።

አቀላቀሉን ማየት ነው። ቁራጭ ካርቶን ይነጠፋል፣ ስቱኮው ይዘረገፋል፣ ማድረቂያው ሃርድነር ከላዩ ጠብ ይላል። ሚዛኑ ዓይን ነው። ደሴ ብርድ ነው ተብሎ ይጨመራል፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ነው ተብሎ ይቀነሳል፤ ባለሙያው ሻይ ሊጠጣ ካሰበም ይቀነሳል። የጋራዡ ስቱኮ የፖሊስተር ዘር ስለሆነ ይህን ሁሉ ችሎ ይደርቃል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ቀለም ይነፋበታል፣ ደላላ ይጠራል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ እጅ ላይ የአውሮፕላን ክንፍ ቢወድቅስ? ነገሩ ቅዠት አይደለም፤ አገራችን አውሮፕላን በራሱ እጅ የሠራ ሰው አላት። አስመላሽ ዘፈሩ በ2007 ዓ.ም. ሱሉልታ ላይ ሊያበራት የሞከራት ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ሞተሯ የቮልስዋገን ነበር፤ ጉልበቱም 40 የፈረስ ጉልበት ገደማ። የመጀመሪያው ሙከራ ባይሰምርም ሰውየው ሥራውን አልተወም። በ40 ፈረስ ለሚነሳ ሰው እያንዳንዱ ኪሎ ዕዳ ነው፤ አንድ ሊትር የጋራዥ ስቱኮ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ይችላል።

ፋይበርግላስ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ለዚህ ነው ኤፖክሲ የተባለውን ሙጫና ማይክሮባሉን የሚመርጡት። ማይክሮባሉን ውስጣቸው ባዶ የሆነ ጥቃቅን የብርጭቆ ሉሎች ናቸው፤ ሲያዩት ዱቄት ነው። ከኤፖክሲ ጋር ሲለወስ ሊትሩ ከአንድ ኪሎ በታች ይመዝናል። መጀመሪያ ኤፖክሲውና ሃርድነሩ አምራቹ ባዘዘው ልክ በሚዛን ተለክተው በደንብ ይዋሃዳሉ፤ ዱቄቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፣ ገንፎ ሆኖ ቀጥ ብሎ እስኪቆም ድረስ። ዱቄቱ በትንፋሽ ስለሚበን ያለ ማስክ አይነካም። «ቶሎ ይድረቅልኝ» ብሎ ሃርድነር መጨመር እዚህ አይሠራም፤ ትርፉ የሚጣመረው አጥቶ ሥራውን ለስላሳ አድርጎ ያስቀረዋል። የደሴ ብርድ ካስቸገረ ቤቱን ማሞቅ ወይም ከመጀመሪያው ፈጣኑን ሃርድነር መግዛት ነው።

ደግሞም ማይክሮባሉን ቅርጽ ያሳምራል እንጂ ጭነት አይሸከምም። ጥንካሬ የሚፈለግበት ቦታ ላይ ኤፖክሲው የሚለወሰው በደቀቀ የጥጥ ጭረት ነው። በማጠፊያ የሚንቀሳቀሱት መሪ ክንፎች ላይማ ጥንቃቄው ይብሳል፤ ከማጠፊያው በስተኋላ መሙያና ቀለም ከበዛ ሚዛናቸው ተዛብቶ በፍጥነት ሲበሩ ይርገበገባሉ፣ ተገንጥለውም ሊሄዱ ይችላሉ። ስለዚህ ከቀለም በኋላ እንደገና ይመዘናሉ። የእኛ ባለሙያ እዚያ ቢኖር «አብሽር» የሚለው ለማን ይሆን?

አውሮፕላን የተለጠፈበትን ሁሉ ሚዛን ላይ ያወጣዋል። መኪና ግን ቻይ ነው፤ አራት ጎማ ላይ ቆሞ የእኛን ሽፍንፍን ተሸክሞ ደሴ ይወጣል፣ ኮምቦልቻ ይወርዳል። የሚያጋልጠው ማግኔት ነው፤ ስቱኮ የወፈረበት ቦታ ላይ አልያዝ ይላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትወጡ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ። ደላላው «ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ከተቆጣ፣ ሳትሞክሩትም መልሱን አግኝታችኋል።