የሽሪምፕ ሂሳብ ያዥ
አክስቴ ባንክ ቤት የምሠራ ይመስላታል። ለዘመድ ሁሉ አውርታ ስለጨረሰች ማስተባበሉን ተውኩት። ባንክ መሆኑስ ባንክ ነው፤ ተቀማጩ ግን ሳላማንደርና ሽሪምፕ ነው።

እዚህ ካሊፎርኒያ ባለመሬቱ የብርቅዬ እንስሳ መኖሪያ የሆነውን መሬት ለዘለዓለም እንዳይገነባበት በውል ያስረዋል፤ በወለዱ መሬቱ የሚጠበቅበት ገንዘብም ያስቀምጣል። በምትኩ መሬቱ «ባንክ» ይባላል፣ ባለመሬቱም የሚሸጠው «ክሬዲት» ይፈቀድለታል። ሌላ ቦታ መኖሪያ የሚያፈርስ የመንገድ ወይም የቤት ገንቢ ደግሞ ለማካካሻ ይገዛዋል። ክፍለ ግዛቱ ይህን ፖሊሲ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ የፌዴራሉ መመሪያ በ2003 ተከተለ። የክሬዲቱ ገቢና ወጪ ሪቢትስ በሚባል የመረጃ ቋት ይመዘገባል፤ የኔ ሥራ ከዚያ አውርዶ በካርታና በሠንጠረዥ ማሳመር ነው።

ማሳመሩን እችልበታለሁ፤ ችግሩም እሱ ነው። ክሬዲቱ ተሸጦ ያለቀበትን ባንክ ደማቅ አረንጓዴ ቀባሁት። ስብሰባው ላይ ተጨበጨበልኝ፣ እኔም ጎንበስ አልኩ። እያንዳንዱ ሽያጭ አንድ ቦታ ቡልዶዘር ገባ ማለት እንደሆነ ትዝ ያለኝ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ነው።

ድምሩ ደግሞ አለ። አንዱ ባንክ ክሬዲቱን በኤከር ይቆጥራል፤ ሌላው እንስሳው በሚሠራው ጎጆ ሊቆጥር ይችላል። እኔ ጤፉን በኩንታል በጉን በራስ ቆጥሮ እንደሚደምር ገበሬ አንድ ላይ ደመርኩት። ቁጥሩ ትልቅና ቆንጆ ሆነ። ከየት እንደመጣ የጠየቀኝ የለም፤ ቢጠይቁኝ ደግሞ የምመልሰው ረጅም ማብራሪያ አዘጋጅቼ ነበር።

የባሰውን ልናገር። ዋናዋ ደንበኛዬ እ.ኤ.አ. በ1994 የሕግ ጥበቃ ያገኘችው የክረምት ኩሬ ሽሪምፕ ናት። በጀርባዋ ተንጋላ ትዋኛለች፤ ኩሬው ሲደርቅ ትሞታለች፣ እንቁላሏ ግን አፈር ውስጥ ዝናብ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከወረቀት ነው። የመስክ ጉብኝት በተጠራ ቁጥር አለርጂዬ ይነሳል። አንዴ ተገድጄ ብሄድ ወሩ ሐምሌ፣ እዚህ አገር የበጋ ወር፣ ሆኖ ኩሬው ደርቋል፤ እኔም ጫማዬ እንዳይቆሽሽ ደረቅ ደረቁን ስመርጥ ቆየሁ። ጉብኝቱን የመራችው ባለሙያ «እንቁላሎቹ እኮ እዚያ ናቸው» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የካርታውን አረንጓዴ በቢጫ ቀየርኩ። ድምሩ ግን አለቃዬ ስለወደደው አሁንም የሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አለ። ከሥሩ «መለኪያዎቹ የተለያዩ ናቸው» የሚል ማሳሰቢያ ጽፌበታለሁ፤ ፊደሉን ግን በጣም አሳነስኩት።