ዜና ዕረፍቱ ለምጣደ ኤሌክትሪክ

ክቡራትና ክቡራን ለቀስተኞች፣ የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና አባላት፣ ኀዘናችንን ለመካፈል ከቅርብም ከሩቅም የመጣችሁ ጎረቤቶች፤

ሞት የተመደበው ለሥጋ ለባሽ ብቻ ነው የሚል ሰው በመካከላችን ቢኖር፣ አንድ ጎኑ በጭስ የጠቆረ፣ ሌላው ጎኑ በጀሶ የነጣ፣ እግሩ በሽቦ የተጠፈረ፣ ገመዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጥቁር ፕላስተር የተጠመጠመ ሆኖ በዚህ ዳስ ሥር የተጋደመውን አካል ተመልክቶ አሳቡን ያርም። ፍትሐት የካህናት ድርሻ ነው፤ ለግዑዝም አይደረግም። ዜና ሕይወት ማንበብ ግን ለወዳጅ የተተወ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ በመዋዕለ ሕይወታቸው ሳሉ የጋገሩትን በልተን አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልን ያላልናቸው እኛ፣ ዛሬ ብድራቸውን በአንደበታችን ልንከፍል ተነሥተናል።

ነፍስ ኄር የኤሌክትሪክ ምጣድ በእናታቸው በኩል ከጥንታዊውና ከተከበረው የሸክላ ወገን ይወለዳሉ። የተከበረ ማለታችን ስለ ሸክላው እንጂ ስለ ሠሪዎቹ አይደለም፤ አገሩ በምጣዱ እየጋገረ በልቶ፣ ምጣዱን ያበጀችውን ሴት ቡዳ ናት እያለ ከማዕድና ከጋብቻ ሲያርቅ ኖሯልና፣ ይህን ውለታ ቢስነት በሟቹ ፊት ሳያነሡ ማለፍ ተገቢ አይሆንም። በአባታቸው በኩል የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከወንዝ ነው። አያታቸው በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ኃይል ማመንጫ፣ አባታቸው ደግሞ በ1952 ዓ.ም. አዋሽን ገድቦ ሥራ የጀመረው ቆቃ ሲሆኑ፣ በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የመብራትና ኃይል ባለሥልጣን የክርስትና አባት ሆኖ ቆሞላቸዋል። እንዲህ ያለው ዘር ባይበቅል ኖሮ፣ ከእንጦጦ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው የሚወርዱት እናቶች ጎብጠው የተሸከሙትን ጭነት የከተማው ጓዳ ሁሉ እስከ ዛሬ ሲያነድደው በኖረ ነበር።

መልካቸውንም ላላያቸው ትውልድ እንግለጽ። ፊታቸው ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁርና ልሙጥ ሸክላ ነበር። ከሸክላው ሥር፣ ከመካከል ወደ ዳር እየዞረ በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ፣ የተጠቀለለ ሽቦ ተኝቶ፣ በላዩ ጀሶ ተመርጎበት፣ ሁሉንም የላሜራ አካል አቅፎት በብረት እግር ቆሞ ይታይ ነበር። ቤት እንደ ገቡም ወግ ባለው ሥርዓት ተሟሽተዋል፤ ወይዘሮዋ የጎመን ዘር ወቅጠው፣ እያጋሉ እየቀቡ፣ እየቀቡ በማሰሻ እየወለወሉ፣ የሸክላው ቀዳዳ ሁሉ ዘይቱን ጠጥቶ እስኪዘጋና የመጀመሪያዋ እንጀራ ሳትጣበቅ በሰፌድ ላይ እስክትንሸራተት ድረስ አስተምረዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ ያበረከቱት አገልግሎት በቃል የሚወሰን አይደለም። ኮረንቲው በሚበረታበት በሌሊቱ ሰዓት እየተነሡ፣ የልደትን፣ የጥምቀትን፣ የሠርግንና የተዝካርን እንጀራ ዓይኑን አብዝተው ሲያወጡ፣ የጎረቤቱ አምፖል ደብዘዝ ሲል «እነ እትዬ እየጋገሩ ነው» ይባል ነበር እንጂ መብራት ሊጠፋ ነው ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም። መኖራቸው በሌላው ቤት ብርሃን መቀነስ የሚታወቅ ታላቅ ሰው በታሪካችን ብዙ ቢገኝም፣ በምላሹ እንጀራ የሰጠ ግን ጥቂት ነው።

እነሆ አሁን ወደ ሕመማቸው እንመጣለን፤ ይህንም ክፍል ወዳጅነት ሳያስተው እውነቱን መናገር የአንባቢው ግዴታ ነው።

በአንድ የዓመት በዓል ዋዜማ፣ ሊጡ አብሲት ተጥሎለት ኩፍ ብሎ ሳለ፣ ሟቹ አንዲት እንጀራ ገና ግማሿ ሳይበስል ቀዝቅዘው ቀሩ። ሲገለበጡ ሽቦው ከአንድ ሥፍራ ተበጥሶ ተገኘ። ይህ ሕመም መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ አሮጌውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ ማስገባት ብቻ ነበር። የቤቱ ጌታም፣ ይህን አሳብ እንደ ራሳቸው ግኝት አድርገው ተናግረው፣ መርካቶ ወረዱ። አንዱ ሱቅ ሽቦው ከምጣዱ ጋር እንጂ ለብቻው አይሸጥም አላቸው፤ ሁለተኛው ነገ ይገባል አላቸው፤ ሦስተኛው ሁለት ጥቅል አውጥቶ ከፊታቸው ደረደረ።

«የቱ ነው ደህናው?» ብለው ጠየቁት።

«ኦርጂናሉ ይኸ ነው፤ ያኛው እንኳ ለፋሲካም አያደርስዎት።»

«የመጨረሻውን ንገረኝ፣ አንተ ልጅ።»

«ነገርኩዎት እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሼ ግን በዚህ ቃል ተቀይመው፣ ሽቦውንም ባለሽቦውንም ጥለው፣ ከመንገድ ዳር ጥቁር ፕላስተርና አንድ ኪሎ ጀሶ ብቻ ገዝተው ተመለሱ። ወይዘሮዋ «ምነው አዲሱን ሽቦ ቢገዙ?» ቢሏቸው፣ «ለአንድ ቋጠሮ ይህን ያህል ብር አይወጣም» ብለው ካቻቢቴና ፒንሳ አስመጡ። የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጠው ጣሉ፣ የቀረውን ስበው ከወዲያኛው ጫፍ ጋር ቋጠሩ፣ በጀሶ መረጉት፣ ሰኩት። ሟቹም ጋሉ፤ እንዲያውም ከቀድሞው ይልቅ ጋሉ፤ ቤቱም እልል አለ።

ይህ ከቀድሞው ይልቅ መጋል ጤና የመሰለው ብዙ ነበር፤ ነገሩ ግን የትኩሳት ምልክት ነበር። የምጣድ ሽቦ ሙቀት የሚሰጠው ኮረንቲውን በእንቢታ ስለሚያሳልፍ ነው፤ ባጠረ ቁጥር እንቢታው ይቀንሳል፣ የሚያልፍበትም ኮረንቲ ይበዛል። በ220 ቮልት 16 አምፔር የሚስብ ምጣድ፣ ከሽቦው አንድ አሥረኛው ቢጎድልበት፣ ወደ 18 አምፔር ግድም ይስባል። ቋጠሮውም በራሱ ሌላ ደዌ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች እንደ ነገሩ ስለሚነካኩ ከሌላው ሥፍራ አብልጦ ይግላል፣ ሲግል ይከስላል፣ ሲከስል ደግሞ የባሰ ይግላል። ስለዚህ ቀጣዩ ስብራት አብዛኛውን ጊዜ ከጥገናው አጠገብ ነው። ጋሼም በተበጠሰ ቁጥር እየቆረጡ፣ በቆረጡ ቁጥር እያሳጠሩ፣ ባሳጠሩ ቁጥር ትኩሳቱን እያበረቱ፣ የታማሚውን ዕድሜ በፍቅር ሸርሽረውታል።

በዚህ መካከል ሐቁን የተናገረ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ባልቦላው ነው። ኮረንቲው ከመጠን ባለፈ ቁጥር ራሱን እያቃጠለ «ተው» ቢላቸው፣ ጋሼ ከአሮጌ ገመድ ውስጥ ወፍራም የመዳብ ክር መዝዘው፣ ሌባ ባየ ቁጥር የሚጮኸውን ውሻ አፉን እንደ መለጎም ያህል፣ ባልቦላውን ለጎሙት። ከዚያ ወዲያ ባልቦላው አልተቃጠለም፤ መቃጠል የጀመረው የግድግዳው ገመድ ነበር። ከእርጥብ ሊጥ አጠገብ፣ በባዶ እግር በሚቆምበት ወለል ላይ፣ በዚህ ሁኔታ ጋግሮ መትረፍ የጥንቃቄ ሳይሆን የእግዜር ቸርነት ውጤት መሆኑን ለልጆቻችሁ ንገሩ።

የአበው ተረት «ለምጣዷ ሲባል አይጧ ትለፍ» ይላል። በዚህ ቤት ግን ለአይጧ ሲባል ምጣዱ አለፈ። ለፕላስተሩና ለጀሶው፣ ለባከነው ጤፍ፣ ሆምጥጦ ለተደፋው ሊጥ፣ ምጣዱ በተኛ ቁጥር ከሱቅ ለተገዛው እንጀራ የወጣው ገንዘብ ቢደመር፣ የኦርጂናሉን ሽቦ ዋጋ ደጋግሞ ይሸፍን ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ወጪ በጥቂት በጥቂቱ፣ በወይዘሮዋ የጓዳ በጀት ውስጥ ተሰውሮ ስለ ወጣ፣ ጋሼ እስከ መጨረሻው ቆጣቢ ተብለው ኖረዋል።

ሙት አይወቀስም፤ የሙት ዘመድም ቢሆን በለቅሶ ቀን አይወቀስም። ብቻ ማንም ከዚህ ዳስ ሲወጣ «መጠገን ከንቱ ነው፣ አዲስ መግዛት ይሻላል» የሚል ትምህርት ይዞ እንዳይሄድ አደራ እላለሁ። ሟቹ ከሚመሰገኑበት ትሩፋት ሁሉ የሚበልጠው፣ አንድ ካቻቢቴ የያዘ ሰው ሆዳቸውን ከፍቶ ሕመማቸውን በዓይኑ ሊያይ መቻሉ ነው። ሽቦው ለብቻው ይለወጣል፣ ሸክላው ለብቻው ይለወጣል፣ ገመዱ ለብቻው ይለወጣል። መጠገን የጎደለውን በጎደለው ዓይነት መመለስ ነው፤ በሽቦ ፈንታ ቋጠሮ፣ በባልቦላ ፈንታ መዳብ፣ በባለሙያ ፈንታ ቁጣ ማስገባት ግን ሌላ ስም ይፈልጋል። ቆጣቢ ሰው ለማይረባው ነገር ብር የሚነፍግ ነው፤ ንፉግ ሰው ለሚረባውም የሚነፍግ ነው። ሁለቱ በመርካቶ መንገድ አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው ስለሚሄዱ፣ ከኋላ ላያቸው አይለዩም።

ዕረፍታቸውም እንዲህ ሆነ። ሽቦው ከማጠሩ የተነሣ ቦዩን ሳያዳርስ ቀርቶ፣ የሸክላው መካከል እንደ ፍም ሲግል ዳሩ ቀዝቃዛ ነበርና፣ እንጀራው መካከሉ አርሮ ዳሩ ዓይን አልባ ሆኖ ይወጣ ጀመር። በመጨረሻዪቱ ሌሊት እርጥብ ማሰሻ የነካው ትኩስ ሸክላ ከዳር እስከ ዳር ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፤ ሊጡ በስንጥቁ ወርዶ ሽቦውን ነካ፤ ብልጭታ ታየ፣ ሰፈሩ ጨለመ። ወይዘሮዋ በጨለማ ተደናብረው ቆጣሪው ዘንድ ሄደው አጠፉና፣ «በሉ እንግዲህ ገላገልዎ» አሉ። ይህን ያሉት ለሟቹ ይሁን ለጋሼ እስካሁን አልተገለጠም።

ሟቹ በቃል ባይናዘዙም ንብረታቸው እንደሚከተለው ተከፍሏል። የላሜራው አካል ለቆራሌው ተሽጦ ወደ ምናለሽ ተራ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ብልሆች ቀጥቅጠው ምድጃ ወይም ማንደጃ ስለሚያደርጉት፣ ከሟቹ ወገን ትንሣኤ የሚያገኘው እርሱ ብቻ ነው። ክዳናቸው የዶሮ ቤት በር ሆኗል። የሸክላው ስባሪ ገል ሆኖ ለዕጣን ፍም መያዣነት ለጎረቤት ታድሏል። ሽቦውን ግን ጋሼ «አንድ ቀን ያስፈልጋል» ብለው ከዛጉ ምስማሮች ጋር በጣሳ አስቀምጠውታል። አዲሱ ምጣድም ትናንት ከነካርቶኑ ገብቷል፤ ጋሼ ዋስትናውን እያነበቡ ሳሉ በግራ እጃቸው ካቻቢቴ ይዘው መታየታቸውን ግን ቤተ ዘመዱ ልብ እንዲለው እናሳስባለን።

ለወይዘሮዋ፣ ለልጆቻቸው፣ አምፖላቸው ለደበዘዘባቸው ጎረቤቶች ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። የእድሩ ጸሐፊ እንድናስታውቅ ያዘዙን አንድ ነገር አለ፤ ለለቅሶ ቤቱ ንፍሮውና ሻዩ ተዘጋጅቷል፣ ወጡም ተሠርቷል፤ እንጀራ ግን፣ ምክንያቱ ከሁላችሁ ስለማይሰወር፣ እያንዳንዱ ለቀስተኛ ከቤቱ ይዞ እንዲመጣ።