ከዜሮ እስከ አስር

የሎስ አንጀለስ ከተማ በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብላ በሰየመችው የፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቡና የሚጠጣ ሰው፣ ወገቡን ሲያመው መጀመሪያ የሚያማክረው ሐኪም አይደለም። አብሮት የተቀመጠውን ሁሉ ያማክራል። አንዱ ዋግምት ይለዋል፣ ሌላው ጸበል፤ አዲስ አበባ ያለ የታወቀ ወጌሻ ስልክ ያለውም አይጠፋም። ይህ ሁሉ ተሞክሮ አልሆን ሲል ነው ፔይን ማኔጅመንት የሚሉት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ የሚያዘው። ከቀጠሮው በፊት ቅጽ ይላካል። ስም፣ ኢንሹራንስ፣ የተደረገ ቀዶ ጥገና፤ እስከዚህ ሰላም ነው። ከዚያ ጉደኛው ጥያቄ ይመጣል፦ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?

ስንት ይባላል? «እንዴት ነህ» ሲሉት ጥርሱን ነክሶም ቢሆን «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያደገ ሰው ነው። ሦስት ቢል ሐኪሙ ይንቀዋል፤ አስር ቢል በራሱ ላይ ያሟረተ ይመስለዋል። ስለዚህ እንደ መርካቶ ዕቃ ዋጋ ክርክር ይጀመራል። ሚስት ዘጠኝ ትላለች፣ እሱ አምስት። ስልክ ላይ ያለችው እህት «ሌሊት ሲያቃስት ብትሰሙት!» ብላ ስምንት ታስገባለች። ሰባት ላይ ይታረቃሉ።

ቁጥሩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የሕመም ማኅበር ሕመም እንደ ሙቀት፣ ልብ ምት፣ ትንፋሽና ደም ግፊት «አምስተኛው የሕይወት ምልክት» ሆኖ ይለካ አለ። ኦክሲኮንቲን የተባለው የኦፒዮይድ ማስታገሻ ክኒን ገበያ የወጣው በ1996 ነውና ቁጥሩና ክኒኑ አብረው አደጉ። አገሩ በኦፒዮይድ ሱስ ሙታኑን ሲቆጥር ከርሞ፣ በ2016 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር አምስተኛነቱ ይቅር አለ። ጥያቄው ግን ቅጹ ላይ ቀረ። ካሊፎርኒያም ከ2018 ጀምሮ ሐኪሙ የኦፒዮይድ መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ለበሽተኛው ቀድሞ የታዘዘው የሚታይበትን፣ ኪዩርስ የተባለውን መዝገብ እንዲያይ አስገድዳለች። ምን መድኃኒት እንደሚወሰድ ለማየት የሽንት ምርመራም ሊታዘዝ ይችላል፤ «እኔ ወገቤን አልኩ እንጂ!» ብለው የሚቆጡ አባት ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

ቁጥር ለከበደው ሥዕል አለለት። ዶና ዎንግና ኮኒ ቤከር በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ውስጥ ለታመሙ ሕፃናት ያዘጋጁት ነው፤ ከሚስቀው እስከሚያለቅሰው ስድስት ፊት። የኛ እናት ሥዕሉ ሲዘረጋላቸው አተኩረው ያዩና የሚስቀውን ይጠቁማሉ። ሰው ፊት ማልቀስ ነውር ነው፤ ደግሞ ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፣ ለምን ይደንግጥ?

ይህን ሁሉ የሚያስተረጉመው ማነው? ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ። እናት ለጎረቤት እንኳ የማይነግሩትን የገላቸውን ነገር በልጃቸው አፍ ይናገራሉ፤ ልጅቷም ያፈረችበትን ዘልላ የቀረውን ትናገራለች። ይሄ አያስቅም። የ2010ሩ የጤና ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኝ ክሊኒክ ብቃት ያለው አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ያዛል፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀርም ሕፃን ልጅ ላይ መደገፍ ክልክል ነው። ታዲያ ክሊኒኩ እስኪለመን ለምን ይጠብቃል? እኛስ ቀጠሮ ስንይዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ» ማለት ለምን ያንቀናል? ምግብ ቤት ሚጥሚጣ ጨምሩ ለማለት የማያፍር አንደበት!

ለማንኛውም፣ የሚወሰደውን መድኃኒት በሙሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ይበጃል፤ ከአዲስ አበባ በሰው የመጣው ዲክሎፌናክም አይደበቅ። እዚህ ከሚገዛው አይቡፕሮፌን ጋር ሲደራረብ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ሕመሙ ምን እንደከለከለም ማሰብ ነው፦ ቅዳሴ መቆም፣ እንጀራ መጋገር፣ መኪና መንዳት። በ2009 ይፋ የሆነው ፔግ የተባለ ባለ ሦስት ጥያቄ መለኪያም ከሕመሙ መጠን ሌላ፣ ደስታንና የዕለት ሥራን ምን ያህል እንዳወከ ይጠይቃል። መልሱ ግን፣ አይ ጣጣ፣ ያው ከዜሮ እስከ አስር ነው።

ከሐኪሙ መልስ ምሳ አይቀርም። ሸኚው ብዙ ነው፤ ሚስት፣ የአክስት ልጅ፣ መኪና ያለው ጎረቤት። ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ነኝ የምከፍለው!» ይባባላሉ፤ በሽተኛውም ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ደረሰኙን ከሁሉም ቀድሞ ይይዛል። ይህ ለሐኪሙ ይነገር አይነገር በሚለው ጠረጴዛው ለሁለት ተከፍሏል። ጎረቤትየው ግን የፓርኪንጉ ሰዓት ሊሞላ ነው እያለ ቁልፉን ይፈልጋል።