የአራት ቀን ትኬት፣ የሁለት ቀን ጉልበት

በቀደም አንድ ወዳጄ ደወለና፣ «ቤተሰቤን ዲዝኒ ልወስድ ነው፤ ስንት ቀን ይበቃናል?» አለኝ።

«ስንት ናችሁ?»

«ስድስት።»

«ከስድስታችሁ ጉልበቱን የሚያመው ስንት ነው?»

ዝም አለ።

«እሱን ቆጥረህ ደውልልኝ» ብዬ ዘጋሁት።

አጉል አዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ከፍዬበታለሁ። በ2024 ኦገስት፣ ዕቁብ በደረሰኝ በሳምንቱ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ኦርላንዶ ድረስ ሰባት ሆነን በአንድ ቫን ወርደናል። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆች፣ ለስድስት ወር የመጣችው እናቴ፣ ሰባተኛው ደግሞ «መንገድ ላይ እየተቀያየርን እንነዳለን» ብሎ ገብቶ ከሪችመንድ እስከ ጆርጂያ ሲያንኮራፋ የወረደው የሚስቴ ወንድም።

ከመንገዱ በፊት ግን ሳሎን ውስጥ ስብሰባ ተቀመጥን። አጀንዳው አንድ ነው፦ ስንት ቀን?

«አንድ ቀን» አለ የሚስቴ ወንድም። «ፓርክ አይደለም እንዴ? ጠዋት ገብቶ ማታ ውልቅ ነው።»

«ፓርኩ እኮ አራት ነው» አለች እህቱ።

«በሩጫ ነዋ!»

«አንተ? ከሶፋው እስከ ፍሪጁ ስትሄድ እንኳ መሀል ላይ ታርፋለህ።»

እውነቷን ነው፤ አራት ነው። ማጂክ ኪንግደም በ1971፣ ኤፕኮት በ1982፣ ሆሊውድ ስቱዲዮስ በ1989፣ አኒማል ኪንግደም በ1998 ነው የተከፈቱት፤ ሁለቱ የውሃ መጫወቻዎች ሳይቆጠሩ። ግቢው ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። አዲስ አበባን አምስት ቦታ ቆርሰው አንዱን ቁራሽ ለአንዲት አይጥ እንደሰጡ ቁጠሩት።

«ለአይጥ ይህን ሁሉ መሬት?» አለች እናቴ። «ካርታ አላት?»

«በሰው ስም ነው የተገዛው እማዬ።»

ቀልድ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ በ1960ዎቹ አጋማሽ መሬቱን የገዛው ዋጋ እንዳይወደድበት ማንነቱን ደብቆ፣ ማንም በማያውቃቸው ኩባንያዎች ስም ነው።

«እንግዲያው የአገራችን ሰው ነው» አለች።

ትልቁ ልጄ እጁን አወጣ። «ሰባት ቀን!»

«ሰባት ቀን?» እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «ሰርግ እንኳ ከነመልሱ ከነቅልቅሉ ሦስት ቀን ነው። ማን ሊዳር ነው እዚያ?»

«ሲንደሬላ» አለች የስድስት ዓመቷ ልጄ።

ሒሳቡ መጣ። ያን ዓመት የአንድ ቀን ትኬት፣ እንደ ቀኑና እንደ ፓርኩ፣ ከ109 እስከ 189 ዶላር ነበር። (በ1971 በሩ ሲከፈት መግቢያው 3 ዶላር ከ50 ነበር። ያኔ አልተወለድኩም፤ አምልጦኛል።) ታዲያ ቀን በጨመርክ ቁጥር የእያንዳንዱ ቀን ዋጋ ይወርዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ኪስ ይልጣሉ፤ የኋለኞቹ ምራቂ ይመስላሉ።

«ስድስተኛው ቀን እኮ ነፃ ማለት ነው!» አለ የሚስቴ ወንድም፣ ስልኩ ላይ እያካፈለ።

«ሆቴሉስ? ምግቡስ? ፓርኪንጉስ? እኔ የማልሠራበት ቀንስ?»

«እሱን አንተ ነህ የምትከፍለው። እኔ ለራሴ ነው ያሰላሁት።»

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ምራቂ ብርቱካን ሲጥሉልህ ይዘህ ቤትህ ትገባለህ። የዲዝኒን ምራቂ ለመብላት ግን እዚያው ማደር አለብህ፤ ማደሪያው ደግሞ ምራቂ አያውቅም።

ቀጥሎ ዕድሜ። ሦስት ዓመት ያልሞላው በነፃ ይገባል፤ ከሦስት እስከ ዘጠኝ የልጅ ይከፈልለታል፤ አሥር የሞላው አዋቂ ነው። ትልቁ ልጄ አሥር ሞልቶታል።

«አዋቂ ከሆንኩ ስልክ ይገዛልኝ።»

«አዋቂ ስልኩን ራሱ ነው የሚገዛው።»

«እሺ፣ ልጅ ነኝ።»

«እሱን ለትኬት ቆራጮቹ ንገራቸው።»

ትንሹ ልጄ ማሙሽ ደግሞ በኦገስት መጨረሻ ሦስት ሊደፍን ነው። የጉዞው ቀን የተቆረጠው በእሱ ነው፤ የልደት ሻማው ሳይገዛ ኦርላንዶ መድረስ አለብን።

«ምን ያስቸኩላችኋል?» አለ የሚስቴ ወንድም። «በእኛ አቆጣጠር ገና 2016 ነው። ልጁ የተወለደው በ2021። ‹ገና አልተወለደም› በሏቸው።»

«በስመ አብ! ምን ያሟርታል ይሄ!» እናቴ ማሙሽን ወደ ጉያዋ ሳበችው።

መጨረሻ ላይ አራት ፓርክ፣ አራት ቀን ተባለ። በድምፅ ብልጫ ነው። ድምፁ የልጆቹ፣ ብልጫው የእናታቸው።

የኦገስት አጋማሽ አንድ ደግነት አለው፤ የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ስለሚከፈቱ ግፊያው ጋብ ይላል። ሙቀቱ ግን ያፍንሃል፣ ከሰዓት ደግሞ ነጎድጓዱ መጥቶ ያጥብሃል። ለእኛ በዚያ ላይ ፍልሰታ ነው። «እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል» ብዬ ሞከርኩ።

እናቴ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። «መንገድ ላይ ነህ ወይስ ሰልፍ ላይ?»

የመጀመሪያው ቀን ማጂክ ኪንግደም። ለመኪና ማቆሚያ 30 ዶላር ተባልኩ። እኔ እንግዲህ ዲሲ ውስጥ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ሳቆም የኖርኩ ሰው ነኝ። «ለሙያ ባልደረባ ቅናሽ የለም?» አልኩ በአማርኛ። ልጁ ፈገግ ብሎ በእጁ ወደ ግራ አሳየኝ። የእጁን አወነጫጨፍ አየሁት፤ ጀማሪ ነው።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፤ የጠርሙስ ዕቃና አልኮል ካልሆነ። እናቴ ይህን እንደ አዋጅ ነው የተቀበለችው። ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ በላስቲክ የተቋጠረ በሶ። ፈታሹ በሶውን አንስቶ ወደ ብርሃን አሳየው።

«በሶ ነው በለው» አለችኝ።

«ፕሮቲን ፓውደር ነው» አልኩት። እሷን አየ፣ በሶውን አየ፣ በአክብሮት አሳለፈን።

ደግሞ መኪና አቆምክ ማለት ደረስክ ማለት አይደለም። ከማቆሚያው እስከ በሩ ሐይቅ አለ፤ ወይ በሞኖሬል ትዞረዋለህ፣ ወይ በጀልባ ትሻገረዋለህ። ጀልባው ላይ ስንወጣ እናቴ ነጠላዋን ሸፈን አደረገች።

«ጣናን መሰለኝ። ገዳሙ ሴት ያስገባል?»

«ያስገባል እማዬ፣ ከከፈለች።»

በሩ ላይ ደግሞ ጣት ያስነካሉ፤ የአንዱን ትኬት ሌላው እንዳይገባበት። «አሻራ?» አለች። «ኤምባሲ ሰጥቻለሁ እኮ!»

ከዚያ ሰልፍ። የሰባቱ ድንክዬዎች ባቡር በር ላይ 90 ደቂቃ የሚል ተለጥፏል። ማሙሽ ቁመቱ አልደረሰም። ለትኬቱ ሕፃን ነው ተብሎ በነፃ ገባ፣ ለባቡሩ አጭር ነው ተብሎ በነፃ አለቀሰ። (አንዱ ወላጅ ተሳፍሮ ሲወርድ ሌላው ሳይሰለፍ የሚተካበት መንገድ አለ፤ ጠይቁ፣ ሳይጠይቁ ሁለቴ የተሰለፉ ወላጆችን አይቻለሁ።)

«ባቡሩ ስንት ደቂቃ ይሄዳል?» አለች እናቴ።

«ሦስት።»

«እኛ በደርግ ጊዜ ለስኳር ግማሽ ቀን ተሰልፈናል» አለች። «ግን ስኳሩን ይዘን ቤታችን ገባን።»

ከጎናችን ባለው መስመር ደግሞ ሰው ሳይቆም ሽው ይላል። ከ1999 ጀምሮ ለዓመታት ይህ መስመር በነፃ ነበር፤ አሁን በስልክ ይገዛል።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው የሚያልፉት?»

«ከፍለው ነው።»

«ይሄ አገር ቤት ስም አለው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ደረሰኝ ይሰጣሉ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጉቦ አይደለም።»

የእናቴን ልብ የወሰደው ሌላ ነው፤ ኢትስ ኤ ስሞል ወርልድ የሚባለው ጀልባ። በ1964 ለኒው ዮርኩ ዓለም አቀፍ ትርዒት የተሠራ ነው፤ የፍሎሪዳው ከመክፈቻው ቀን ጀምሮ እዚያው አለ። ቁጭ ትላለህ፣ ይቀዘቅዛል፣ የየአገሩን ልብስ የለበሱ አሻንጉሊቶች እየዘፈኑልህ በዝግታ ታልፋለህ። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ዘረጋች፤ ዳቦ ቆሎውን ከላስቲኩ እየቆነጠረች ለፊተኛው ወንበር ሰዎች፣ ለማታውቃቸው ፈረንጆች፣ አቃመሰች። ሲያልቅ አልወርድም አለች። ሦስት ጊዜ ዞርን። የሚስቴ ወንድም በሦስተኛው ዙር፣ «እማማ፣ ይሄ ለሕፃናት እኮ ነው» አላት። «ታዲያ አንተ ምን ትሠራለህ? ትኬትህን የከፈለው ሌላ፣ የሚነዳህ ሌላ» አለችው። ዘፈኑ እስከ ቨርጂኒያ አብሮን ተመልሷል።

በሁለተኛው ቀን ኤፕኮት። ሐይቁን ዙሪያውን አሥራ አንድ አገር ተሰልፏል፤ ሜክሲኮ፣ ኖርዌይ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ አሜሪካ፣ ጃፓን፣ ሞሮኮ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ካናዳ። ዙሩ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፍሎሪዳ ፀሐይ ሲለካ አራት ይሆናል። ከአፍሪካ ያለችው ሞሮኮ ብቻ ናት።

«የእኛስ?» አለች እናቴ።

«ቪዛ ተከልክላ ይሆናል» አለ የሚስቴ ወንድም።

እናቴ አልሳቀችም። «እኔ አንድ አገር ለመግባት ኤምባሲ በር ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜያለሁ። እዚህ አሥራ አንዱን በአንድ ከሰዓት? ይህን ብነግራቸው ማን ያምነኛል?» ጀርመንን አለፍን፣ ጣሊያን ስትደርስ ግን ቆመች። «እዚህ አንቀመጥም» አለች። «ከእነሱ ጋር ሒሳብ አለን።» ጉልበቷ እያመማት ጣሊያንን አልፋ አሜሪካ ድረስ ሄዳ ነው የተቀመጠችው።

ማታ ሆቴል ስንገባ ጨው አምጣ አለችኝ። ሳፋ የለም። ያለችው የበረዶ ባልዲ ናት፤ አንድ እግር እንጂ ሁለት አትይዝም። ቀኙን ነክራ ግራውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችና፣ «እግሬም ተሰለፈ» አለች።

ሦስተኛው ቀን ማንም አልተነሳም። ማንም አልወሰነም፤ ሰውነት ነው የወሰነው። ደግነቱ የአራት ቀን ትኬት በሰባት ቀን ውስጥ ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ተከታታይ መሆን የለበትም። እኛ ግን ይህን ያነበብነው ወድቀን ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሆቴሉ መዋኛ ውስጥ ዋሉ። መዋኛው በነፃ ነው፣ ሰልፍ የለውም፣ ማሙሽም ቁመቱ ደረሰ። ከአምስቱ ቀን የትኛውን ወደዳችሁ ስላቸው ይህቺኑ ቀን አሉ። ያን ሁሉ ዶላር ከፍዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ኩሬ።

ለዚህ ነው ያን ወዳጄን ጉልበት ቁጠር ያልኩት። ፓርክ ቆጥሮ ቀን የሚቆርጥ ሰው፣ የድግሱን ሰው ሳይጠራ በሬ የጣለ ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላውና ስልሳ ያለፈው ካለ ሁለት ቀን ፓርክ፣ መሀል ላይ አንድ ቀን ምንም፤ ከተረፈ ጉልበት ሌላ አንድ። አራቱን ካላየሁ የሚል ካለ፣ የሚስቴ ወንድም በኋላ እንዳደረገው፣ የሚችለው ብቻ ይሂድ።

በአራተኛው ቀን አኒማል ኪንግደም ገባን። ሀራምቤ የሚባል የአፍሪካ ከተማ ሠርተዋል፤ ግድግዳው ተልጦ፣ ቀለሙ ደብዝዞ።

«ለምን አያድሱትም?»

«ሆን ብለው ነው ያስረጁት እማዬ። ሰው ይህን ለማየት ይከፍላል።»

«ወይኔ! ፒያሳ ይህን ሳይሰማ ፈረሰ።»

ከዚያ በክፍት መኪና አራዊት ጉብኝት። ቀጭኔ፣ ጉማሬ፣ አንበሳ። አንድ ቦታ ሁሉም ስልኩን መዞ ከወንበሩ ተነሳ። እናቴ አሻግራ አየች።

«ጅብ ነው?»

«ጅብ ነው።»

«ለጅብ ነው የሚነሱት? እኛ ሰፈር በነፃ ይመጣል። እንዲያውም እሱ ነው እኛን የሚያየው።»

በአምስተኛው ቀን ሆሊውድ ስቱዲዮስ የሄዱት ትልቁ ልጄና አጎቱ ብቻ ናቸው። ታወር ኦፍ ቴረር ላይ ወጥተው የሚስቴ ወንድም አመድ መስሎ ተመለሰ። «ሊፍት ውስጥ አስገቡን፣ መብራቱ ጠፋ፣ ከዚያ ቁልቁል!»

«መብራት የሚጠፋበት ሊፍት ፍለጋ አሜሪካ ድረስ መጣህ?» አለች እናቴ፣ ግራ እግሯን ከባልዲው ሳታወጣ።

ቤት በገባን ማግስት አዲስ አበባ ጎረቤቷ ደወሉላት። ድምፁን ለቃ ነው የምታወራው፤ ሁላችንም ሰማን።

«ያ የልጆች አገር የሚባለው ጋ ሄድሽ አሉ። ስንት ቀን ቆያችሁ?»

«አንድ ቀን» አለች እናቴ። «ሌላውን ተሰልፌ ነው።»