ቦሌ ሚካኤል ላይ ስለ ዶላር ለሚከራከር ሰው የተሰጠ ምክር

ቦሌ ሚካኤል ሻይ ለመጠጣት ከተቀጣጠሩ ስለ ብር መርከስ ሳይከራከሩ የሚነሡ እንዳይመስልዎት። ሰላምታው ራሱ ያስገድድዎታል። ሌላው ሰፈር «እንዴት አደራችሁ?» በሚልበት ሰዓት እዚህ «ዛሬ ስንት ገባ?» ይባላል፤ የተጠየቀው የሽንኩርት ዋጋ እንዳልሆነ ደግሞ ሕፃኑም ያውቃል። ስለዚህ ሳይዘጋጁ አይሂዱ።

ከሁሉ አስቀድመው አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው በምን ገንዘብ እንደሚኖር ያጣሩ። ፖለቲካውን አይጠይቁት፣ እሱን ሳይጠየቅ ይነግርዎታል። ሰፈሩ አውሮፕላን ማረፊያው ሥር ነው፤ ከሶማሊኛው «ዋላል» እስከ አማርኛው «ወንድሜ» አንድ ጠረጴዛ ላይ ይሰማል። ከውጭ ዘመዱ ሐዋላ የሚጠብቅ፣ ከዱባይ ዕቃ የሚያስመጣ፣ ቤቱን ለዲያስፖራ የሚያከራይ፣ ደመወዙን በብር የሚቀበል መምህር፣ ሁሉም አብረው ሻይ በወተት ያዝዛሉ። ከአራቱ ድምፁ ከፍ የሚለው መምህሩ ነው። ዶላር የሌለው እሱ ብቻ ነውና አይፍረዱበት።

ብሔራዊ ባንክ የምንዛሬ ተመኑን ለገበያ የለቀቀው ሰኞ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። 57 ብር ከግማሽ ገደማ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ተጠጋ። ያን ዕለት ሐዋላ ጠባቂው ፈገግ አለ። አስመጪው ዕቃውን ድሮም ከ100 ብር በላይ በሆነው የጥቁር ገበያ ዋጋ አስልቶ ሲሸጥ ቢቆይም፣ «ዶላር ጨመረ» ብሎ እንደገና ጨመረበት። አከራዩም ቤቱ ከዱባይ የመጣ ይመስል ኪራዩን ከፍ አደረገ፤ የቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ስለመኖሩ ያልሰማ ሰው ነው፣ ተከራዩም እንዲያሰማው አልመክርም። መምህሩ ግን ምንም አልጨመረም፤ የሚጨምርበት ነገር የለውም።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። መንግሥትን መደገፍ ካሰኘዎት ከመቶኛ አይውጡ። ዕዳው ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት ስንት እጅ እንደሆነ ይናገሩ፤ መቶኛ ጨዋ ቁጥር ነው፣ ማንንም አያስደነግጥም። መቃወም ካማረዎት በብር ያውሩ። ብሩ ሲለቀቅ የውጭ ዕዳችን 28 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር ቢሉ ማንም ከሻዩ ቀና አይልም። ያንኑ ዕዳ በ57 ብር ከግማሽ ቢያባዙት 1.6 ትሪሊዮን ብር ገደማ ነው፤ ዶላር በተሻገረው 150 ብር ሲያባዙት ግን 4.2 ትሪሊዮን ይሆናል። አንድ ሳንቲም ሳንበደር! እዚህ ላይ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ጠረጴዛውን መታ ያድርጉ። ተከራካሪዎ «በዶላር እኮ ያው ነው» ካለ ትክክል ነው፤ ግን የሚከፍለው መንግሥት ግብሩን የሚሰበስበው በብር ነው ብለው ይመልሱለት። እሱም «ወርቁስ?» ይልዎታል።

ወርቁን ሲያነሣብዎት እንዳይደናገጡ። በ2017 በጀት ዓመት ከሸቀጥ ወጪ ንግድ 8.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገብቷል፣ ትልቁን ድርሻ የያዘውም ወርቅ ነው። ደጋፊ ከሆኑ «ገበያው ሠራ» ይበሉ። ተቃዋሚ ከሆኑ ደግሞ «ያ ወርቅ ድሮም ይወጣ ነበር፤ በባንክ በኩል አልነበረም እንጂ» ይበሉ። ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ። ይህን ግን ለማንም አይናገሩ፤ በከፊል ልክ የሆነ ሰው ቦሌ ሚካኤል ላይ ወንበር አያገኝም። ጥቅምት 2010 ላይ ብሩ በ15 በመቶ ሲወርድም «ኤክስፖርት ያድጋል» ተብሎ ነበር። ቀጥሎ በመጡት ሁለት ዓመታት ግን የወጪ ንግዱ በዓመት 3 ቢሊዮን ዶላር እንኳ አልሞላም። ይህችን በኪስዎ ይያዙ፤ አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍና ሁሉም ለአፍታ ዝም ሲል ቶሎ ጣል ያድርጓት፣ መልስ ሳይመጣ ርዕስ ለመቀየር ይመቻል።

ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ጋሼ ደግሞ በእርግጠኝነት «በደርግ ጊዜ እኮ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር እስኪገባ ድረስ እዚያው ነበር። «ጋሼ፣ በዚያ ዋጋ ባንክ ሄደው ስንት ዶላር ገዙ?» ብለው እንዳይጠይቋቸው። መንገድ ላይ ዋጋው ከእጥፍ በላይ እንደነበር እሳቸውም አይረሱትም፣ ግን ትዝታቸውን በምንዛሬ ማርከስ ነውር ነው። አንገትዎን ነቅንቀው ሁለተኛ ሻይ ይዘዙላቸው።

የአገር ውስጥ ብድርን እርስዎ ካላነሡት ማንም አያነሣውም። የግል ባንኮች ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት ካበደሩት ገንዘብ 27 በመቶ የሚያህለውን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር፤ ወለዱ መጀመሪያ 3 በመቶ ነበር፣ የዋጋ ንረቱ ግን በሁለት አኃዝ ይሮጥ ነበር። ንግድ ባንክም ለመንግሥት ድርጅቶች ያበደረውና ሳይመለስ የቀረው ገንዘብ በስተኋላ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የመንግሥት ቦንድ ሆነ። መምህሩ ደብተር ያወጣው እዚያው ባንክ ነው። መንግሥትን ሲያማ የሚውለው አበዳሪው መሆኑን ሳያውቅ ነውና፣ ቢነግሩት ሻዩ ይመርበታል።

የብድርን ጨዋታ እንደሚያውቁ ለማስመሰል ዩሮ ቦንድ ማለት ይበቃል። ኅዳር 2007 ላይ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ በ6.625 በመቶ ወለድ፣ በ10 ዓመት ለመመለስ ተበደርን። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረንና ዕዳቸውን ካልከፈሉ አገሮች ተርታ ገባን። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ የዕዳ ሽግሽግ ጠይቀን ነበር፤ ፈረንሳይና ቻይና በጋራ ከመሩት የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ ጋር 8.4 ቢሊዮን ዶላር በሚሆነው ዕዳ ላይ በመርህ ደረጃ የተስማማነው መጋቢት 2017 ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው ደግሞ ብሩ በተለቀቀበት በዚያው ሰኞ ነው። ደጋፊው «ግጥምጥሞሽ ነው» ይላል፣ ተቃዋሚው «ትእዛዝ ነው» ይላል። እርስዎ ሰኞ የሥራ ቀን መሆኑን ብቻ ያስታውሱ።

እንግዲህ እስካሁን የነገርኩዎትን ይዘው ማንንም ያሸንፋሉ። አንድ ጥያቄ ግን አደራ፣ በፍጹም አያንሡ፦ «የተበደርነው ዶላር የገዛው ነገር ዶላር ያመጣል ወይ?»

ለምን እንደሚከለከል ላስረዳዎት። በሃያ ሁለትና በመገናኛ አድርጎ እስከ አያት የሚዘልቀውን የከተማ ባቡር ያስቡ። 475 ሚሊዮን ዶላር ከፈጀው ፕሮጀክት 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር ነው። መስከረም 2008 ላይ ሥራ ሲጀምር ዶላር 21 ብር ገደማ፣ ታሪፉ ደግሞ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ባቡሩ የሚሰበስበው ብር ነው፣ የሚመልሰው ዶላር ነው። ያልተከፈለችው እያንዳንዷ የ21 ብር ዶላር ዛሬ ከ150 ብር በላይ ትጠይቃለች፤ ከ41 ባቡሮች ብዙዎቹ መለዋወጫ አጥተው ሲቆሙም የመለዋወጫው ዋጋ በዶላር ነው። ስኳሩም እንዲሁ ነው፤ የዩሮ ቦንዱ ገንዘብ ከተመደበላቸው ሥራዎች አንዱ የስኳር ፋብሪካ ነበር። ስኳር ወደ ውጭ ይልካሉ የተባልን ሰዎች ዛሬ ከውጭ የመጣ ስኳር ሻያችን ላይ እየጨመርን ስለ ስኳር ፕሮጀክት እንከራከራለን።

ይህን ጥያቄ ቢያነሡት ክርክሩ ያልቃል። ያኔ ተበዳሪ የነበረው ወገን ደጋፊ ዝም ይላል፤ «ከለውጡ ወዲህ የንግድ ብድር አልወሰድንም» የሚለውም አዲሱ ገንዘብ ምን ዶላር እንደሚያመጣ ሲጠየቅ ስልኩን ያያል። የባቡሩም የስኳሩም ውሳኔ ሲወሰን ሁለቱም እዚህ ተቀምጠው ያጨበጭቡ ነበር፤ ስለ ምንዛሬው ዋጋ መጮህ የቀለላቸው ለዚህ ይመስለኛል። ሐዋላ ጠባቂው እንኳ ቅር ይለዋል፣ ዘመዱ የሚልከው ዶላር የሰው ጉልበት ነውና በዚህ ጥያቄ ፊት ከሁሉም በላይ የሚያምር መልስ ያለው እሱ ነው፤ ግን ማንም አይጠይቀውም።

በተረፈ የገንዘብ ሚኒስቴር በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የመንግሥት ዕዳ ስታቲስቲክስ ሰነድ አለ። ለማን እንዳለብን፣ በየትኛው ገንዘብ፣ መቼ እንደሚከፈል ሠንጠረዡ ላይ ተጽፏል። ከተከራካሪዎች መካከል ያየው እስካሁን አልገጠመኝም። እርስዎ ግን ከመምጣትዎ በፊት አንድ ሌሊት መሥዋዕት አድርገው ያንብቡት፤ ማንበብዎን ደግሞ ለማንም አይንገሩ። ያነበበ ሰው መጥቷል ከተባለ ሁሉም ወደ እግር ኳስ ይዞራል።