ግብር ሐዋሳ፣ ድምፅ ዳንፎርዝ

የዜግነት ግዴታ እንዴት እንደሚከበር ማየት የፈለገ ሰው እስከ ኦታዋ መድከም የለበትም። ሐዋሳ መሃል ከተማ መጥቶ፣ ከገብርኤል አደባባይ ወደ ፍቅር ሐይቅ በሚወርደው ጎዳና ዳር ካሉት ካፌዎች በአንዱ ማኪያቶ አዝዞ መቀመጥ ይበቃዋል። ብዙም ሳይቆይ የሐዋሳው ካናዳዊ ይመጣል። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ሳይሆን ዓይነት ነውና። ከተማው ውስጥ ፎቅ አለው፤ ልጆቹ እዚሁ ይማራሉ፤ ዓሣውን አሞራ ገደል ይበላል። ሲመርጥ ግን ለቶሮንቶ ነው።

ታማኝነቱን ለመረዳት የ2017ቱን ሁዳዴ ማስታወስ ነው። የካናዳ ምርጫ የተጠራው መጋቢት 14 ቀን፣ የደብረ ዘይት ዕለት ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ደግሞ ሚያዝያ 20፣ በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት። በእነዚህ አምስት ሳምንታት ውስጥ ሌላው ሐዋሳ የበግ ዋጋ ሲጠይቅ ይህ ሰው ፖስታ ሲጠብቅ ከረመ። ፖስታው ሲመጣም ነገሩ አያልቅም። ከውጭ አገር የሚመርጥ ካናዳዊ የሚደርሰው ወረቀት ባዶ ነው፤ የተወዳዳሪዎች ስም ዝርዝር የለበትም። የሚፈልገውን ሰው ስም በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ምንም ምልክት በሌለው ፖስታ ያሽገዋል፤ ያንን በሌላ ፖስታ ውስጥ ይከትታል፤ በውጭኛው ላይ ይፈርማል፤ ቀን ይጽፋል። ይህ ሁሉ በምርጫው ዕለት በኦታዋ ሰዓት ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ኦታዋ መግባት አለበት። በሐዋሳ ሰዓት ከሌሊቱ 7 ሰዓት መሆኑ ነው። አንዲት ደቂቃ ያለፈበት ፖስታ አይቆጠርም።

ለውሃ ክፍያ ዘበኛውን የሚልክ ሰው ለዚህ ጉዳይ ግን ማንንም አያምንም። አዲስ አበባ ወዳለው የካናዳ ኤምባሲ ፖስታውን ደረቱ ላይ ይዞ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳል። ሻሸመኔ ያለ ዘመዱ ለቅሶ ቢጠራው መንገዱ አስቸጋሪ ነው።

ትልቁ ፈተና ግን አድራሻ ነው። ቅጹ የመንገድ ስም፣ የቤት ቁጥርና የፖስታ ኮድ ይጠይቃል። ሐዋሳ ደግሞ «ከመናኸሪያ ገባ ብሎ፣ ከፋርማሲው ፊት ለፊት፣ አረንጓዴ በር» የሚል ሥልጣኔ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ፖስታ ቤቱም ደብዳቤ ይዞ በር አያንኳኳም፣ ሳጥን ያለው ሳጥኑን ይከፍታል። በዚህ የሚስቅ ሰው ካለ ግን ወደ ካናዳዋ ቴርቦን ይመልከት። ኩቤክ ውስጥ ባለችው በዚህች የምርጫ ክልል በዚያው ዓመት ምርጫ ታቲያና ኦጉስት የተባሉት የሊበራል ፓርቲ ዕጩ ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ያሸነፉት በአንድ ድምፅ ነው። በአንድ! ኋላ ላይ አንዲት መራጭ ለብሎክ ኬቤክዋ የሰጠችው ድምፅ በፖስታ እንደተመለሰባት ተናገረች። ምክንያቱ የምርጫ አስፈጻሚው መሥሪያ ቤት ራሱ በፖስታው ላይ ያተመው የፖስታ ኮድ ስሕተት መሆኑ ነበር። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። እንግዲህ «ከፋርማሲው ፊት ለፊት» ማለት ያን ያህል የሚያሳፍር አይደለም፤ ፋርማሲው ቢያንስ ቦታውን አይስትም።

ካናዳ ይህን መብት በነጻ አላደለችም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ውጭ የሚኖር ተራ ዜጋ እንዲመርጥ ሲፈቅድ ገደብ አስቀምጦ ነበር፦ ከአምስት ዓመት በላይ ከአገር የራቀ አይመርጥም። የገደቡ ሰለባ ከሆኑት አንዱ ዝነኛው ተዋናይ ዶናልድ ሰዘርላንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ካናዳዊ ነኝ፣ ሌላ ዜግነትም የለኝም፣ ስለምን አልመርጥም ብሎ በጋዜጣ አቤት አለ። አሜሪካ የሚኖሩ ሁለት ካናዳውያንም ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወሰዱት። በመጀመሪያ ረቱ፤ ይግባኝ ላይ ተረቱ። የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አብላጫ ዳኞች ያሉት ነገር ሐዋሳ ውስጥ ቢነበብ ብዙ ማኪያቶ ያስቀዘቅዛል። ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ እዚያ የሌለ ሰው የሚመርጠው ሕግ በየቀኑ የሚገዛው እዚያ ያሉትን ነው፤ እሱ ራሱን እምብዛም አይነካውም። በጃንዋሪ 2019 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ዳኞች ለሁለት ገደቡን ሻረው። ፓርላማውም ከአንድ ወር በፊት ሕጉን አሻሽሎ አምስቱን ዓመት አንስቶ ነበር። ዛሬ አንድ ካናዳዊ ዕድሜው 18 ከሞላና አንድ ጊዜ ካናዳ ኖሮ ካወቀ፣ ከዚያ በኋላ ሐዋሳ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥም ይመርጣል። እመለሳለሁ ማለትም አይጠበቅበትም። በውጭ መራጮች መዝገብ ላይ አንዴ ከተመዘገበ ምርጫ በመጣ ቁጥር ወረቀቱ ራሱ ይመጣለታል።

የሚመርጠው ለየትኛው ስፍራ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ለኖረበት ሰፈር። የእኛ ሰው ዳንፎርዝ ጎዳና አጠገብ ነበር የኖረው፤ የሐበሻ ምግብ ቤቶች በተሰለፉበት። ሲወጣ የሰፈሩ የፓርላማ አባል ጃክ ሌይተን ነበሩ። ሌይተን በኦገስት 2011 አረፉ። ሰውየው ግን ስለ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ሲያወራ እስካሁን ከሌይተን ይጀምራል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወንበሩን የያዙት ጁሊ ዳብሩሲን መሆናቸውን ወረቀቱን ለመሙላት ሲል ነው የሰማው። የአውቶቡሱ ታሪፍ ስንት እንደገባ፣ የቤት ኪራዩ ማንን ከሰፈሩ እንዳፈናቀለ አያውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅበትም። ካናዳ ግብር የምትጠይቀው የሚኖርባትን ስለሆነ በሐዋሳ ፎቁ ኪራይ ላይ የኦታዋ እጅ የለበትም። ግብሩን ለሐዋሳ ይከፍላል፤ ድምፁን ለዳንፎርዝ ይሰጣል። ከተማዋ ግን ማን እንደሚያስተዳድራት አትጠይቀውም።

ለምን አትጠይቀውም? ሕጉ ግልጽ ነው። ለንግሥቲቱ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ ቶሮንቶ ላይ እጁን ባነሳ ዕለት የኢትዮጵያ ዜግነቱ ወደቀ፤ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሁለት ዜግነት አያውቅም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ቢጫ ካርድ ተሰጠው። ቢጫ ካርድ ድንቅ ነገር ነው። ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ያሠራል፤ ቤት ያስገዛል፤ እንደ አገር ልጅ ያስነግዳል። መምረጥና መመረጥን ግን ይነፍጋል። የሐዋሳው ካናዳዊ ይህን ነገር እንደ ቅጣት የቆጠረው አንድም ቀን የለም። የሰፈሩ ኮብልስቶን መዋጮ ሲመጣ «እኔማ የውጭ ዜጋ ነኝ፣ ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ይላል። የመሬት ጉዳይ ሲነሳ «እኔ የዚህ አፈር ልጅ ነኝ፣ እትብቴ አቶቴ ነው የተቀበረው» ይላል። ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚለው፤ ለዚህም ነው ማንም ሊከራከረው የማይችለው።

መጠየቅ ያለበት ሰው ካለ የአክስቱ ልጅ ነው። እሱ አሁንም ዳንፎርዝ ይኖራል። ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኩቶ ወረቀት የሚሰጠውን ቀስቃሽ «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ይመልሰዋል። ሥራ ላይ መሆኑም እውነት ነው፤ ስልክ ላይ ነው፣ ሐዋሳን እያስተዳደረ። ኅዳር 10 ቀን 2012 የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ፣ ከተማው ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፎ ሻፌታና ጎጆ የተባሉት የምርጫ ምልክቶች ፊት ሲቆም፣ የአክስት ልጅ ሌሊቱን አልተኛም። እናቱን፣ ሁለት እህቶቹንና ሠፈር ያለውን ሁሉ በየተራ እየደወለ ምልክቱን አስጠና። ከተመዘገበው መራጭ ከ99 ነጥብ 8 በመቶ በላይ ወጣ፤ 98 ነጥብ 5 በመቶው ሻፌታን መረጠ። የአክስት ልጅ ይህን ውጤት ከስልክ ጥሪዎቹ ነጥሎ ማየት እስከ ዛሬ ይቸግረዋል። በ2013ቱ አገራዊ ምርጫም ቀጠለ። «እማዬ፣ ለማን ነው የምትመርጪው?» ይላል። እናት መልሱን ያውቁታል፤ የልጃቸው ብር በየወሩ የሚመጣው በአራተኛው ቀን ነው፣ ጥያቄው የመጣው ደግሞ በሦስተኛው። በሕግ አንድ ድምፅ የሌለው ሰው በቤተሰብ ጥሪ አምስት ድምፅ አለው። ምርጫ ቦርድ ይህን የሚቆጥርበት ዓምድ መዝገቡ ላይ የለም።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ዘመዳሞች ተግባብተው ይኖራሉ። ዳንፎርዝ ያለው ሐዋሳን፣ ሐዋሳ ያለው ዳንፎርዝን። አንዳንዴ ሲደዋወሉ የሐዋሳው «እዚያ ጋ ማን ነው የሚወዳደረው?» ብሎ ይጠይቃል፤ የዳንፎርዙ «እኔ እንጃ ወንድሜ፣ እዚያ አንተ ጋ ግን…» ብሎ ያስተምረዋል።

ኢትዮጵያ ድንበር ተሻጋሪ ምርጫ አታውቅም የሚል ካለ ደግሞ ታሪክ አላነበበም። ለሰው ሳጥን መሬት በመስጠት የሚተካከላት የለም። በሚያዝያ 1985 ለኤርትራ ሕዝበ ውሳኔ ከ57 ሺህ በላይ ሰው ድምፁን የሰጠው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ነው። በጃንዋሪ 2011 የደቡብ ሱዳን ሰዎች የነጻነት ድምፃቸውን የሰጡባቸው አገሮች ስምንት ነበሩ፤ ካናዳና ኢትዮጵያ አብረው አሉበት። የመጀመሪያው መስተንግዶ ጣጣ አልነበረውም ማለት ግን አይቻልም። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጫር ያ የድምፅ መስጫ ካርድ «አንተማ ኤርትራዊ ነህ» ማስረጃ ሆኖ ስንቱን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጭኖ ድንበር አሻገረ። አንድ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መክተት አምስት ዓመት ቆይቶ ቤት እንደሚያፈርስ ያዩ ሰዎች ዛሬም ፖስታ ሲያሽጉ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ አይፈረድባቸውም። የሐዋሳው ካናዳዊ ይህን ታሪክ ይሰማል፣ ያዝናል፣ ኤምባሲ ድረስ በሰላም ይነዳል።

ስለ ራሷ ዜጎች ሲሆን ግን አገሪቱ ቁጥብ ናት። እዚህ ላይ ቢጫ ካርዱን ይርሱት፤ ጉዳዩ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ፣ ሌላ ምንም የሌለው ሰው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 38 ዕድሜው 18 የሞላ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይመርጣል ይላል። የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 ግን መዝጋቢው ፊት የሚቀርበው ሰው በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖር እንዳለበት ያዛል። ለካምፕ ወታደር፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪና ለተፈናቃይ ልዩ ጣቢያ ይከፈታል። ቤሩት ሰው ቤት ለተቀጠረችው ልጅ የሚከፈት የለም። ከሆሳዕና ወጥቶ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ለሚጠብቀውም የለም። ስድስት ወር ቀርቶ ስድስት ዓመት አገሯን ያላየች ልጅ ከየት አምጥታ ነዋሪ ትሁን? ካናዳ ሃምሳ ዓመት የራቀውን ዜጋዋን ፖስታ ይዛ ትፈልጋለች። ኬንያ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2022 ምርጫዋ ካናዳ ላሉት ዜጎቿ ሳጥን አስቀምጣ ነበር፤ ዳንፎርዝ ያለው ኬንያዊ ሲመርጥ የአጠገቡ ሐበሻ ጎረቤት «እንዴት ያለ ቁም ነገር ነው» ብሎ ፎቶ አነሳው።

መንግሥት ውጭ ያለውን ልጁን ይረሳል ማለት ግን ስም ማጥፋት ነው። በ2010 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሜሪካ ድረስ ሄደው ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ ብለዋል፤ በቀን አንድ ዶላርም ለአገር ብለው ጠይቀዋል። ለ2014 ገና አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ይግባ ተብሎ ተጠርቷል። ለዓባይ ግድብ ቦንድ በየኤምባሲው ተሸጧል። እያንዳንዱ ጥሪ አድራሻ ስቶ አያውቅም፤ ቴርቦን የደረሰው ዓይነት ስሕተት እዚህ አልተሰማም። አንድ ዶላር የትም ያለ ኢትዮጵያዊ ጋ ይደርሳል፣ ከዚያም ይመለሳል። የምርጫ ወረቀት ደግሞ፣ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ ለማጓጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ በጀት ይፈልጋል፤ ታዛቢ ይፈልጋል፤ ማን የት እንደሚኖር የሚታወቅበት መዝገብ ይፈልጋል። የቦንድ ገዢዎች መዝገብ ግን አለ።

እስቲ አንድ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በር ላይ የሚሰለፍ ሰው መስኮቶቹን ይቁጠር። ፓስፖርት እድሳት አንድ መስኮት። ውክልና አንድ መስኮት። የትውልድ መታወቂያ፣ ያው ቢጫው ካርድ፣ አንድ መስኮት። ለልማት መዋጮ፣ ቦታ ካልተገኘ፣ ጠረጴዛ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይዘረጋል። በግንቦት 2012 መጨረሻ ቤሩት ውስጥ ቀጣሪዎቻቸው አምጥተው ቆንስላው በር ላይ የጣሏቸው የቤት ሠራተኞች ያንን ደጃፍ አይተውታል፤ አስፋልቱ ላይ ቀናት አድረዋልና ከማንም በላይ ያውቁታል። ከእነሱ አንዷ ነገ ሐዋሳ ገብታ መሃል ከተማ ክፍለ ከተማ ብትከራይ፣ የምርጫ ካርድ ለማግኘት ስድስት ወር መቆየት ይኖርባታል። ቤቱን የሚያከራያት ግን ዝግጁ ነው፤ ኪራዩን በዶላር ቢሆን ይመርጣል። ለዳንፎርዝ ደግሞ መቼ እንደሚመርጥ ከወዲሁ ያውቃል፦ ሕጉ ባስቀመጠው ቀን መሠረት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 2029፣ መንግሥቱ ቀድሞ ካልወደቀ።